የበረዶ ሆኪ ተከላካይ፦ ከመጀመሪያው ጫማ እስከ ፕሮፌሽናል ውል በየደረጃው

በሚኒያፖሊስ፣ በካልጋሪ፣ በኤድመንተን፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ አንድ ቀን «ሆኪ መጫወት እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣበታል። መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ዋጋው ነው። ቀጥሎ እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት የሚጀመረው ልምምድ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ የማያስረዳው የዕድሜ ምድብ፣ የሊግና የድራፍት (ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) ጥልፍልፍ አለ። ጨዋታው ራሱ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። በገና ቀን በቆልማማ ዱላ እሩር ሲያሳድድ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ እሩሩ ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ የጎማ ክብ፣ ሜዳውም በረዶ መሆኑ ነው።

እዚህ የምንጽፈው ስለ ተከላካይ ብቻ ነው። አንድ ቡድን አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይና ሦስት አጥቂ ያሰልፋል። በኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ለአንድ ጨዋታ ከሚለብሱት 18 የሜዳ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ 6ቱ ተከላካዮች ናቸው፤ በሦስት ጥንድ ሆነው በየ45 ሰከንዱ ገደማ ይፈራረቃሉ። የመጀመሪያው ጥንድ ከ60ው ደቂቃ 25 ያህሉን ሲጫወት ሦስተኛው ጥንድ የዚያን ግማሽ ቢያገኝ ነው። ተከላካይነት ደግሞ በስህተት የሚማሩት ሙያ ነው፤ ስህተት ለመሥራት ሜዳ ላይ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ በየደረጃው፣ ከስምንት ዓመት ልጅ ቡድን ጀምሮ እስከ ፕሮፌሽናል ውል፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ እዚያ ቢሄድ ስንት ደቂቃ ይጫወታል?

ደረጃ 1፦ ጫማና ዱላ

«ያድግበታል» ብሎ ሰፋ ያለ ጫማ መግዛት የኛ ሰው የታወቀ ብልሃት ነው፤ በሆኪ ግን ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። የሆኪ ጫማ ከመንገድ ጫማ ቁጥር በ1 ወይም በ1.5 ያንሳል። ሳይታሰር ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ የፊቱን ጫፍ ለስለስ አድርገው ይንኩ፤ ጉልበቱን አጥፎ ተረከዙን ወደ ኋላ ሲያስጠጋ ደግሞ ከጫፉ ይላቀቁ። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ከተረከዙ ኋላ እርሳስ የምታህል ክፍተት ትበቃለች። በሰፊ ጫማ ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ልጁም ከጫማው ሥር ባለው ስለት ጠርዝ ሳይሆን በጫማው ጎን መቆም ይለምዳል። ይህን ልማድ በኋላ ለማስተው ዓመት ይፈጃል። አዲስ መግዛት ካልቻሉ ያገለገለ ይግዙ፤ ነገር ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ በእጅ ሲጨመቅ እንደ ካልሲ የሚታጠፍ ከሆነ ይተዉት።

ስለቱ ከሥር ሲታይ ጠፍጣፋ አይደለም። መሐሉ እንደ ቦይ ተቦርቡሮ በግራና በቀኝ ሁለት ጠርዝ ይተዋል። የቦዩ ጥልቀት የሚገለጸው በክብ ሬዲየስ ሲሆን 1/2 ኢንች የተለመደ መነሻ ነው። 3/8 ሲሆን ጠርዙ በረዶውን አጥብቆ ይነክሳል፤ 5/8 ሲሆን ደግሞ መንሸራተቱ ይቀላል፣ በመታጠፊያ ላይ ግን አያያዙ ይላላል። ክብደቱ የጨመረ ተከላካይ ወደ 5/8 ቢጠጋ ወደ ኋላ ሲሄድ እግሩ ቶሎ አይደክምም። በረዶ ላይ ከ10 እስከ 15 ሰዓት ከቆየ በኋላ ያስሉት። ለመፈተሽ የአውራ ጣትዎን ጥፍር በጠርዙ ላይ በቀስታ ወደ ጎን ይሳቡ፤ ስስ ልጣጭ ካነሳ ስል ነው፣ ካንሸራተተ ደንዝዟል። ሁለቱንም ጠርዞች ይፈትሹ። አንዱ ብቻ ደንዝዞ ልጁ ወደ ቀኝ ሲዞር ብቻ የሚወድቅበት ጊዜ አለና፤ ወላጅ ልጁን ይቆጣል፣ ጥፋቱ ግን የስለቱ ነው። ከጨዋታ በኋላ ስለቱን አድርቀው በጨርቅ ሽፋን ያስቀምጡት። እርጥቡን በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ካደረ ይዝጋል።

የዱላው ርዝመት ልጁ ጫማውን አድርጎ ሲቆም አገጩ ድረስ ቢደርስ ይበቃል። ለተከላካይ ትንሽ ረዘም ቢል ጥሩ ነው፤ የሚቀማው በክንዱ ርዝመት ጭምር ነውና። ኤንኤችኤል የሚፈቅደው ከፍተኛ ርዝመት 63 ኢንች ሲሆን 206 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ተከላካይ ዝዴኖ ቻራ በልዩ ፈቃድ ከዚያ የረዘመ ይጠቀም ነበር። ዱላው ላይ የተጻፈው የመተጣጠፍ ቁጥር በፓውንድ ከሚለካው የልጁ ክብደት ግማሽ ገደማ ይሁን፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 65 ይይዛል። ዱላ ሲቆረጥ ይበልጥ እንደሚደርቅ አይርሱ። ለአሥር ዓመት ልጅ ከ300 ዶላር በላይ የሚሸጠውን ዱላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ያንን ገንዘብ ለበረዶ ሰዓት ያውሉት።

የቱ እጅ ከላይ ይሁን? ጠፍጣፋ ዱላ ሰጥተው ዝም ብለው ይመልከቱ፤ እሱ ራሱ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ጠንካራው እጅ ከላይ ይውላል፤ ስለዚህ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ «ግራ መቺ» ቢሆን አይገርምም። በኤንኤችኤል ቀኝ መቺ ተከላካዮች ከግራ መቺዎች ያንሳሉ። አሰልጣኞች ደግሞ ጥንዱ አንድ ግራ አንድ ቀኝ እንዲሆን ይወዳሉ፤ ስለዚህ ቀኝ መቺ በገበያው ላይ ይፈለጋል። ቢሆንም ለዚህ ሲባል የልጅ እጅ አይገለበጥም።

የራስ ቁር ከነሽቦው፣ የትከሻ፣ የክርንና የቅልጥም መከላከያ፣ ጓንት፣ ሱሪና የብልት መከላከያ ሁሉም ግዴታ ናቸው። የአንገት መከላከያ በዩኤስኤ ሆኪ (በአሜሪካ የሆኪ ፌዴሬሽን) የወጣት ምድቦች ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት በነበረው ኦክቶበር አዳም ጆንሰን የተባለ ተጫዋች በእንግሊዝ ሼፊልድ በጨዋታ ላይ አንገቱ በጫማ ስለት ተቆርጦ ሞቷል። ልጁ «ያሳክከኛል» ቢል አይስሙት።

ደረጃ 2፦ ወደ ኋላ መሄድ፣ ከዚያ መገልበጥ

እስከ 10 ዓመት ድረስ ቦታ አያስመርጡት፤ አጥቂም ተከላካይም ይሁን። ኬአንድሬ ሚለር በሚኒሶታ አጥቂ ሆኖ ካደገ በኋላ ወደ ተከላካይነት የተዛወረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ነው፤ በ2018 ድራፍት 22ኛ ሆኖ ተመረጠ። በልጅነቱ ያዳበረው የአጥቂ እጅና ፍጥነት በኋላ ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም።

በዚህ ዕድሜ የሚሠራው እግር ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ እያንዳንዱ እግር በተራ በረዶው ላይ ግማሽ ክብ ይቆርጣል። ጉልበቱ ታጥፎ ከጫማው ጫፍ አልፎ መታየት አለበት። ደረቱም ዓይኑም ቀና ይበሉ። አብዛኛው ልጅ ከጉልበቱ ይልቅ ከወገቡ ይታጠፋል፤ ከጎን ሲያዩት የወደቀ ሳንቲም የሚፈልግ ይመስላል። እንዲህ የቆመ ልጅ ትንሽ ሲነካ በአፍጢሙ ይደፋል።

ቀጥሎ መገልበጥ ነው፤ ወደ ኋላ እየሄደ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ዞሮ ወደ ፊት መሮጥ፣ ከዚያ መልሶ። በሁለቱም ጎን እኩል ይሠራ። ሁሉም ልጅ የሚወደው ጎን አለው። ጎበዝ አጥቂ ይህን በአንድ ጨዋታ ውስጥ አውቆ ሌሊቱን ሙሉ በደካማው ጎን ያልፈዋል። ለማይወደው ጎን እጥፍ ሰዓት ይስጡት።

ደረጃ 3፦ ጥጉ

ተከላካይ የሚኖረውም የሚወድቀውም እዚህ ነው። ተጋጣሚ ፓኩን ወደ ኋላዎ ጥግ ይወረውራል፤ ተከላካዩ ዞሮ ይሮጣል፤ አንድ አሳዳጅ ከጀርባው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሰከንዶች የሚሆነውን ለማየት ነው መልማዮች ቲኬት ቆርጠው የሚገቡት። በቅደም ተከተል እንዲህ ይሠራል፦

1. ፓኩ ሲያልፈው ዞር ብሎ አንዴ በትከሻው ላይ ያያል፦ ስንት ሰው ነው የሚያሳድደኝ? በየት በኩል?
2. ፓኩ ጋ ሊደርስ ሁለት ሦስት ሜትር ሲቀረው እንደገና ያያል። የመጀመሪያው እይታ ያረጀ ወሬ ነው፤ አሳዳጁ አቅጣጫ ቀይሮ ይሆናል።
3. ወደ አጥሩ በቀጥታ አይሮጥም። ቀስት ሠርቶ በጎን ይገባል፤ ፓኩን ሲነካ እግሩ አስቀድሞ መውጫውን እያየ እንዲሆን።
4. ከመንካቱ በፊት በትከሻው ወይም በዳሌው አንዴ ያታልላል። አሳዳጁ ግማሽ እርምጃ ከተሳሳተ ይበቃል።
5. የጥንድ ጓደኛውና በረኛው የሚጮኹትን ይሰማል። «ዊል» ማለት ከግቡ ጀርባ ዙረህ ውጣ፣ «ሪቨርስ» ማለት አሳዳጁ ተጠግቶሃልና በመጣህበት በኩል ወደ ኋላ ተወው፣ «ኦቨር» ማለት ለጓደኛህ ወደ ማዶው ጥግ አሳልፍ፣ «አፕ» ማለት በአጥሩ በኩል ለክንፍ አጥቂው ቶሎ ስጥ ነው።
6. ያቀብላል። ዱላ ላይ የሚያርፍ፣ ጠንከር ያለና በረዶውን ያልለቀቀ ቅብብል ይሁን።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ልጁ ፓኩን እያየ ይሮጣልና ሁለተኛውን እይታ ይዘለዋል። ሁለተኛ፣ ዝም ያለ ጓደኛ። የማይጮህ ጥንድ ዓይኑ የታሰረ ጥንድ ነው፤ የኛ ልጆች ደግሞ በትልቅ ፊት ዝም እንዲሉ ተኮትኩተው ስላደጉ እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ሜዳ ላይ መጮህ ብልግና እንዳልሆነ ቤት ውስጥ ይንገሩት። ሦስተኛ፣ ሲጨንቀው ፓኩን በመስታወቱ ላይ መትቶ መገላገል። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ ልማድ ሲሆን ግን ቡድኑ ፓኩን ለተጋጣሚ እየመለሰ ደጋግሞ ይከላከላል፣ አሰልጣኙም ደቂቃውን ይቀንስበታል።

ይህን ልምምድ ለመሥራት ሙሉ ሜዳ አያስፈልግም። ጥግ፣ አሥር ፓክና አንድ አሳዳጅ ይበቃሉ። በአንድ ልምምድ አሥር ጊዜ ከግራ፣ አሥር ጊዜ ከቀኝ።

ደረጃ 4፦ አንድ ለአንድ

አጥቂ በፍጥነት ሲመጣ ተከላካዩ የሚቆጣጠረው ርቀቱን ነው። በመሐሉ ቀይ መስመር አካባቢ የሁለት ዱላ ያህል፣ በራሱ ሰማያዊ መስመር ላይ የአንድ ዱላ ያህል ርቀት ይኑር። በሜዳው ላይ ጨዋታ ለማስጀመር በተሳሉት ነጥቦች መካከል ሆኖ አጥቂውን ወደ አጥሩ ይገፋዋል፤ ወደ ግቡ የሚወስደው መሐሉ ነውና። ዱላውን በአንድ እጁ ከፊቱ በረዶው ላይ ይዘረጋል። ዓይኑ ፓኩ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ ባለው አርማ ላይ ይሁን፤ ፓክ ይዋሻል፣ ደረት አይዋሽም።

የተለመደው ስህተት መሸሽ ነው። ልጁ ፍጥነቱን ስለሚፈራ ቶሎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ርቀቱ አምስት ሜትር ይሆንና አጥቂው በነፃነት ይመታል። መድኃኒቱ ድፍረት ሳይሆን ደረጃ 2 ነው፦ ወደ ኋላ የመሄድ ፍጥነቱን የሚያምን ልጅ አይሸሽም። ሌላው ስህተት ወደ ኋላ እየሄዱ እግር ማጠላለፍ ነው። እግሮቹ በተጠላለፉባት ቅጽበት አቅጣጫ መቀየር አይችልም፤ አጥቂውም የሚጠብቀው ያችኑ ነው።

በተጋጣሚ ሰማያዊ መስመር ላይ ሆኖ ሲመታ ደግሞ ኃይል ሁለተኛ ነገር ነው። ዝቅ ያለና ከእግሮች መካከል ሾልኮ የሚደርስ ሪስት ሾት (በእጅ አንጓ የሚወረወር ምት) ዱላ ወደ ኋላ ተነስቶ ከሚመታው፣ ከጮኸው ስላፕ ሾት ይበልጣል። ግቡን በሰፊው የሳተ ኃይለኛ ምት በአጥሩ ዙሪያ ተጠማዝዞ ይወጣና ለተጋጣሚ የመልሶ ማጥቃት ስጦታ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ግጭቱ ሲፈቀድ

በአሜሪካ ከ2011–12 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከ12 ዓመት በታች ምድብ ቦዲ ቼክ፣ ማለትም ተጋጣሚን በአካል መግጨት፣ የተከለከለ ሲሆን የሚፈቀደው ከ14 ዓመት በታች ምድብ ጀምሮ ነው። ካናዳም በ2013 በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ከልክላለች። ለመዝናናት በሚጫወቱ ሊጎች ከዚያም በኋላ ላይፈቀድ ይችላል።

በዚህ ዕድሜ አንዱ ልጅ ጢም ሲያበቅል ሌላው ገና ድምፁ አልተለወጠም። ስለዚህ ከመምታት በፊት መመታትን ይማር። አደገኛው ቦታ ከአጥሩ አንድ ሜትር ገደማ ያለው ነው፤ እዚያ የተገፋ ሰው በራሱ ወደ አጥሩ ይወረወራል። ወይ ከአጥሩ ጋር ትከሻውንና ዳሌውን አጣብቆ ይቁም፣ ወይ ርቆ ይቁም። ራሱን ፈጽሞ አይድፋ፤ አንገት የሚሰበረው አናት ቀድሞ ሲደርስ ነው። ጭንቅላቱን ከተመታና ከደነዘዘ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ሐኪም ካየው በኋላም መመለሱ በደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይወስዳል። ልጁ «ደህና ነኝ» ይላል። ሁሉም ይላሉ።

እዚህ ላይ የዕድሜ ጉዳይ ይነሳል። በአብዛኛው ቦታ ልጆች የሚመደቡት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው የልደት ዓመት ነው፤ ሚኒሶታ የራሷ መቁረጫ ቀን አላት። ልጁ ኢትዮጵያ ተወልዶ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ሲቀየር ይጠንቀቁ። ታኅሣሥ 20 የተወለደ በፈረንጅ አሮጌው ዓመት ውስጥ ነው፤ ታኅሣሥ 25 የተወለደ ግን አዲሱ ዓመት ገብቶለታል። በአምስት ቀን ልዩነት አንዱ የምድቡ ታናሽ፣ ሌላው የሚቀጥለው ምድብ ታላቅ ይሆናል። በየሰነዱ የተለያየ ቀን ከተጻፈ በ18 ዓመቱ በድራፍት ሰሞን ሳይሆን ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

ደረጃ 6፦ በ15 እና በ16 ዓመት መንገዱ ይከፈላል

ከፍተኛ የወጣቶች ቡድን ከነጉዞው በዓመት ከ10,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ የሚኒሶታ የሰፈርና የትምህርት ቤት ሆኪ ግን ብዙ ሳያስከፍል ለኤንኤችኤል ተጫዋችነት ያበቃል። ውድ ቡድን ውስጥ ስድስተኛ ተከላካይ ከመሆን በሰፈሩ ቡድን የመጀመሪያው ጥንድ መሆን ይሻላል። ከዚህ በኋላ ያሉት ዋና መንገዶች እነዚህ ናቸው።

ሲኤችኤል (የካናዳ ከፍተኛ የወጣቶች ሊግ) በሥሩ ሦስት ሊጎች አሉት፤ የኦንታሪዮ፣ የምዕራብ ካናዳና የኩቤክ ማሪታይምስ። ተጫዋቾቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት ናቸው፣ ጨዋታው በዓመት ከ60 በላይ ነው፣ የአውቶቡስ ጉዞውም ረጅም ነው፤ ኑሮው የፕሮፌሽናል ልምምድ ነው። ዩኤስኤችኤል የአሜሪካ ከፍተኛ የወጣቶች ሊግ ሲሆን ደመወዝ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያሻግራል። በኤንሲኤኤ (በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር) ሥር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በዓመት 35 ያህል ጨዋታ ብቻ፣ በአብዛኛው ዓርብና ቅዳሜ ያደርጋሉ፤ የቀረው ሳምንት ለክብደትና ለልምምድ ይውላል። ዘግይቶ የሚያድግ ቀጭን ተከላካይ ከዚህ ይጠቀማል። ኬል ማካር በአልበርታ ጁኒየር ሊግ ተጫውቶ በ2017 አራተኛ ከተመረጠ በኋላም ሁለት ዓመት ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቆየ፤ በ2022 ኖሪስን፣ ማለትም የዓመቱን ምርጥ ተከላካይ ዋንጫ ወሰደ።

«ሲኤችኤል ከገባ ዩኒቨርሲቲ ቀረ» የሚለው የድሮ ምክር አሁን አይሠራም። ኤንሲኤኤ በኖቬምበር 2024 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሲኤችኤል ተጫዋቾች በዩኒቨርሲቲ መጫወት ይችላሉ። በሩን የሚዘጋው የኤንኤችኤል ውል መፈረም ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ 16 ዋና ዋና ኮርሶች በአማካይ ቢያንስ 2.3 ነጥብ ይጠየቃሉ፤ 9ኛ ክፍልን ወይም ከዚያ በላይ ኢትዮጵያ የተማረ ልጅ የዚያን ጊዜ ትራንስክሪፕት ማህተሙ ሳይደበዝዝ ያስመጣ።

ቡድኑን ሲያነጋግሩ እነዚህን ይጠይቁ፦ በእኔ ልጅ ጎን ስንት ተከላካይ አላችሁ? ስንቱ በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል? ባለፈው ዓመት የ16 ዓመት ተከላካዮቻችሁ ስንት ጨዋታ ቁጭ ብለው አሳለፉ? የትምህርት ክፍያ ቃል ከገቡ ደግሞ መቼ እንደሚጀምርና ምን ሲሆን እንደሚቀር በውሉ ላይ በጽሑፍ ያግኙት።

የጁኒየር ተጫዋች በሌላ ከተማ በአስተናጋጅ ቤተሰብ ቤት ይኖራል። ስለ ምግቡ አስቀድመው ይንገሯቸው። ዐቢይ ጾም የሚውለው ልክ በፕሌይኦፉ፣ ማለትም በዋንጫ ማጣሪያው፣ ሰሞን ነው፤ የሚጾም ልጅ ምስርና ሽሮ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ በበቂ መጠን ካላገኘ ክብደቱ በአንድ ወር ይወርዳል። ልጁ «ምንም አይደል» እያለ ተርቦ ከሚያድር ቤተሰቡ የሽሮ አሠራር ቢማር ይሻላል።

ሴት ልጅ ከሆነች ዋናው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በኋላ በጃንዋሪ 2024 የተጀመረው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ፒደብሊውኤችኤል፣ አለ፤ በስድስት ቡድን ተጀምሮ በ2025–26 ወደ ስምንት አድጓል። የመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ደመወዝ 35,000 ዶላር ነበር።

ደረጃ 7፦ ድራፍት

በዓመቱ እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት የሚሞላው ተጫዋች ይመዘገባል፤ በኛ መስከረም 4 ወይም 5 ማለት ነው። 32 ቡድን በ7 ዙር 224 ተጫዋች ይመርጣል። የተሻሉት አስቀድመው ቡፋሎ ለፈተና ይጠራሉ፦ ለ30 ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ብስክሌት መግፋት፣ መዝለል፣ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን በክንድ ወደ ላይ መሳብ፣ ከዚያም ከየቡድኑ ጋር ቃለ መጠይቅ። ለቃለ መጠይቁ የተሸመደደ መልስ አይጠቅምም። «የሠራኸውን ስህተት በቪዲዮ አስረዳ» ይሉታል፤ ሰበብ ሳይደረድር የሚያስረዳ ይወደዳል።

ካልተመረጠ አለቀ ማለት አይደለም፤ ተከላካይ ዘግይቶ ነው የሚበስለው። ኒክላስ ሊድስትሮም በ1989 የተመረጠው 53ኛ ሆኖ ነው፤ ኖሪስን ሰባት ጊዜ ወስዷል። ማርክ ጆርዳኖን ማንም አልመረጠውም። በ2007–08 ሞስኮ ሄዶ ለዲናሞ ተጫወተ፣ ወደ ካልጋሪ ተመለሰ፣ በ2019 በ35 ዓመቱ ኖሪስን ወሰደ። ሳይመረጥ የቀረ ልጅ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ22 ዓመቱ የፈለገውን ቡድን ይመርጣል፤ አንዳንዴ ይህ በሰባተኛው ዙር ከመመረጥ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ውልና አውቶቡሱ

ከ18 እስከ 21 ዓመት የሚፈርም ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ ሦስት ዓመት ነው። ዝቅተኛው የኤንኤችኤል ደመወዝ በ2025–26 የውድድር ዘመን 775,000 ዶላር ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ኤንኤችኤል ውስጥ በዋለበት ቀን ልክ ነው። ከኤንኤችኤል በታች ወዳለው ሊግ፣ ወደ ኤኤችኤል፣ ሲወርድ በውሉ ላይ ያለው ሁለተኛውና በጣም አነስተኛው ቁጥር ይሠራል። ከዚያም ላይ ግብር፣ የወኪል ድርሻና በሊጉ የሚያዝ ተቀናሽ አለ። ወኪሉ በተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ መሆኑን ሳያረጋግጡ ምንም አይፈርሙ። ዘመድ «እኔ እደራደርለታለሁ» ቢል አመስግነው ያሳልፉት።

ኤኤችኤል 72 ጨዋታ አለው፤ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ተከታትሎ መጫወትም አለ። ብዙ ተከላካዮች እዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ይከርማሉ። ወደ ላይ የሚጠራው ብዙ ግብ ያገባው ላይሆን ይችላል። የላይኛው ቡድን ተከላካይ ሲጎዳበት የሚፈልገው በሁለት ደቂቃ ቅጣት ጊዜ የሚከላከል፣ ጥጉን በንጽህና የሚያጸዳና ስሙ የማይነሳ ሰው ነው። የተጠራ ቀን አዲስ ነገር አይሞክር፤ የጠሩት በሚያውቁት ሥራው ነው።

እዚህም የደቂቃው ጥያቄ አለ። ላይ ሆኖ ስምንት ደቂቃ ከሚጫወት፣ ወይም ልብሱን ሳይለብስ ከሰገነት ከሚያይ ወጣት ይልቅ ታች 22 ደቂቃ የሚጫወተው ቶሎ ይበስላል። ደመወዙ ግን ላይ ነው፤ ይህ ፈተና የብዙዎችን ሁለት ዓመት በልቷል።

ደረጃ 9፦ ከ25 ዓመት በኋላ

በኤኤችኤል ከሚሰለፉት 18 የሜዳ ተጫዋቾች ቢያንስ 12ቱ ከ260 ያልበለጠ የፕሮፌሽናል ጨዋታ ያላቸው፣ አንድ ደግሞ ከ320 ያልበለጠ መሆን አለበት። ስለዚህ የ28 ዓመት ተከላካይ ከ22 ዓመቱ ልጅ ቢበልጥም ቦታ የሚያጣበት ቀን ይመጣል። ኤንኤችኤል ውስጥ የቆየ ሰው በ27 ዓመቱ ወይም ሰባት የውድድር ዘመን ሲሞላ ነፃ ሆኖ የፈለገበት ይፈርማል። ያልቆየው ወደ አውሮፓ ያያል፦ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ስዊዘርላንድ፣ ጀርመን።

እዚያ ብዙዎቹ ሜዳዎች ሰፋ ይላሉ፤ ኤንኤችኤል 26 ሜትር ሲሆን የድሮው ዓለም አቀፍ ስፋት 30 ነው። አራት ሜትሩ ትንሽ ይመስላል፤ አጥቂን ወደ አጥሩ ለመግፋት የለመደ ተከላካይ ግን በመጀመሪያው ወር መሐሉን ከፍቶ ይገኛል። አጥሩ ድረስ አይከተል፤ በነጥቦቹ መካከል ይቆይ።

ውሉን ሲፈርም ደመወዙ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በአውሮፓ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከግብር የተረፈው ነው። ቤትና መኪና በቃል ሳይሆን በውሉ ይጻፉ፤ ሲጎዳ ማን እንደሚያሳክመውና የትኛው ኢንሹራንስ እንደሚከፍልም። የኤንኤችኤል ቡድን ቢጠራው እስከ መቼ ድረስ መልቀቅ እንደሚችል ቀኑ ተለይቶ ይቀመጥ። የውጭ ተጫዋች ቁጥር የተገደበበት ሊግ ከሆነ ደግሞ ክለቡ ስንት እንዳስፈረመ ይቁጠር፤ ከተፈቀደው በላይ ካስፈረመ በየሳምንቱ አንዱ ሰገነት ላይ ይቀመጣል።